ለግሪልና ለበርሜል ማሟሻ የትኛው ዘይት ይሻላል? ከደሴና ከኮምቦልቻ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በርሜል ለሁለት አስቆርጬ፣ እግር አስበይጄለት ግቢዬ ውስጥ ካቆምኩት ወዲህ ሰው ስለ ሥጋው ብዙም አይጠይቀኝም። የሚጠይቀኝ ስለ ዘይቱ ነው። «ምን ቀብተኸው ነው እንዲህ የጠቆረው?» «እኔ ቅቤ ቀብቼው ተጣበቀብኝ፣ ምን ላድርግ?» ደሴ ካለው ጎረቤቴ ጀምሮ ኮምቦልቻ እስካለው የአክስቴ ልጅ ድረስ ጥያቄው አንድ ነው። በየስልኩ ከምደጋግመው ብዬ እዚህ ጻፍኩት። ሙያዬ ምግብ ማብሰል አይደለም። የጻፍኩት አበላሽቼ የተማርኩትን ነው።

ግሪል ማሟሸት ስትል ምን ማለትህ ነው?

እናቶቻችን አዲስ የሸክላ ምጣድ ከገበያ ሲያመጡ በዚያው ቀን እንጀራ አያወጡበትም። መጀመሪያ ያሟሹታል። ምጣዱ ይግላል፣ የተወቀጠ ጎመን ዘር ይነሰነስበታል፣ በማሰሻ ይታሻል፣ እንደገና ይግላል። እንዲህ እየተባለ ይጠቁራል፣ ይለሰልሳል። ከዚያ እንጀራው ሳይጣበቅ ይነሳል። ጎመን ዘር ቅባት ያለው ፍሬ ነውና ሥራውን የሚሠራው ቅባቱ ነው።

የብረት ግሪልም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። አንድ ልዩነት ግን አለ። ሸክላ ቅባቱን ወደ ውስጥ ይመጠዋል፣ ብረት አይመጥም። «ብረቱ ሲግል ቀዳዳው ይከፈትና ዘይቱን ይጠጣል» የሚሉ አሉ። እንደዚያ አይደለም። በስሱ የተቀባ ዘይት ሙቀትና አየር ሲያገኝ ጥቃቅን ክፍሎቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ። ፈሳሽ የነበረው ነገር ደርቆ ብረቱ ላይ ይጋገራል። ከዚያ በኋላ ዘይት መሆኑ ቀርቷል። በጣት ሲነኩት እጅ አይቀባም፣ በውሃ አይለቅም። ብረቱን ከዝገት ይጠብቃል፣ ሥጋውንም አያጣብቅም።

ቤታችሁ ውስጥ ቡና የሚቆላበት አሮጌ ብረት ምጣድ ካለ አውጥታችሁ እዩት። ያ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ ነገር ቆሻሻ አይደለም። እሱ ነው።

እሺ፣ ነገሩን አታርዝመው። የትኛውን ልግዛ?

የተጣራ የሱፍ ዘይት። ቤት ውስጥ ካለ ደግሞ ምንም አትግዙ። የአኩሪ አተር ዘይትም እኩል ይሠራል።

ምክንያቱን ለሚፈልግ፦ አንዳንድ ዘይት በሙቀትና በአየር ይደርቃል፣ አንዳንዱ እንደረጠበ ይቀራል። የሚለያቸው ውስጣቸው ያለው የስብ አሲድ ዓይነት ነው። ሊኖሌይክ የሚባለው የስብ አሲድ የበዛበት ዘይት ጥሩ አድርጎ ይደርቃል። በተለመደው የሱፍ ዘይት ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው እሱ ነው። በአኩሪ አተርም ግማሽ ያህሉ እሱ ነው። ጠርሙሱ ላይ «ሃይ ኦሌይክ» የሚል ካያችሁ ያ ሌላ ዓይነት ሱፍ ነው። ለመጥበስ ግሩም ነው፣ ለማሟሸት ግን ይዘገያል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰው ስለ ዘይት ዓይነት ሲከራከር ይውላል፣ ስለ አቀባቡ ግን የሚያወራ የለም። ምርጡን ዘይት አወፍሮ ከቀባ ሰው ይልቅ፣ ተራውን ዘይት አሳስቶ የቀባው የተሻለ ግሪል ይኖረዋል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ዞሮ ዞሮ ወደዚህ ይመለሳል።

ከሰፈር መጭመቂያ የወጣ የኑግ ዘይትስ?

እውነቱን ለመናገር ልቤ ወደሱ ያደላል። የአገራችን የኑግ ዘይት ሊኖሌይኩ ከሱፍም ይበልጣል። 70 በመቶና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ቶሎ ይደርቃል፣ ጠንካራ ሽፋንም ይሠራል።

ችግሩ ከመጭመቂያ በቀጥታ የሚወጣው አለመጣራቱ ነው። ዝቃጭ አለው። ዝቃጩ ብረት ላይ ሲያርር ነጠብጣብ ይሠራል። ስለዚህ ጠርሙስ ውስጥ አድርጋችሁ ሁለት ሦስት ቀን አስቀምጡት። ከታች የሚቀረውን ተዉና ከላይ ያለውን ጥሩውን ብቻ ቅዱ። ካልተጣራ ደግሞ ቶሎ ይጨሳል። ይጭስ፣ ምንም አይደለም።

ሽታው ግን ይታወቅላችሁ። መጭመቂያ ቤት አጠገብ ያደገ ሰው የፋጉሎን ሽታ ያውቀዋል። ግሪሉ የመጀመሪያ ቀን እንደዚያ ይሸታል። እኔ ስቀባ ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ «ከብት ልታደልብ ነው እንዴ?» ብሎኛል።

እንደ ምጣዱ በጎመን ዘር ባሟሸውስ?

ጠፍጣፋ ብረት ምጣድ ከሆነ ይሠራል። ፍርግርግ ላይ ግን ዱቄቱ በቀዳዳው አልፎ እሳቱ ውስጥ ይገባል። የግድ ካላችሁ የተወቀጠውን በስስ ጨርቅ ቋጥራችሁ የሞቀው ብረት ላይ እሹት። ቅባቱ በጨርቁ በኩል ይወጣል። ለድካሙ ግን የሱፍ ዘይት ይቀላል።

በኢንተርኔት ሁሉም የተልባ ዘይት ይላል። አንተ ለምን ሱፍ አልክ?

ሁሉም ስለሚል እኔም ሞክሬዋለሁ። የተልባ ዘይት ከሁሉም ቶሎ የሚደርቅ ዘይት ነው። ግማሽና ከዚያ በላይ የሚሆነው ሊኖሌኒክ የሚባል፣ ከሊኖሌይክም የባሰ ቶሎ የሚያያዝ የስብ አሲድ ነው። የእንጨት ዕቃ ማወዛትና የሥዕል ቀለም መበጥበጥ ላይ ዘመናት ያገለገለው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ስትቀቡት ያምራል። እንደ መስታወት ያበራል። የእኔ ፍርግርግ አንድ ወር እንደዚያ ቆየ። ከዚያ አንድ እሁድ ጎድን ሳገላብጥ ጥቁር ቅርፊት ሥጋው ላይ ተለጥፎ አየሁ። ሽፋኑ እንደ ደረቀ ቆዳ እየተቀረፈ ነበር። ተልባ የሚሠራው ሽፋን ጠንካራ ቢሆንም ተሰባሪ ነው። ብረቱ ሲሞቅ ይሰፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይጠባል። ሽፋኑ አብሮት መለጠጥ ካልቻለ ይሰነጠቃል። ቤት ውስጥ ለሚቀመጥ ዕቃ ይሆን ይሆናል። ቀን ፍም፣ ማታ የደሴ ብርድ ለሚፈራረቅበት ግሪል ግን አልመክርም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ቀለም ቤት ለእንጨት መቀቢያ ብሎ የሚሸጠውን የተልባ ዘይት ምግብ በሚነካ ብረት ላይ እንዳታደርጉ። ቶሎ እንዲደርቅ የብረት ማዕድን ቅመሞች የሚገቡበት ዓይነት አለ።

የሚረጋው ዘይትስ? በጀሪካን አለኝ።

የፓልም ዘይት ማለት ነው። ከስቡ ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ዓይነት ስለሆነ እንደ ሱፍ አይደርቅም። ብትቀቡት ብረቱን ለጊዜው ከውሃ ይከላከላል። ሽፋን ለመሥራት ግን ሰነፍ ነው። ለስላሳና ለጣት የሚለጠፍ ሆኖ ይቀራል።

የአክስቴ ልጅ ኮምቦልቻ ሆኖ «የኔ ዘይት አይረጋም፣ ስለዚህ ፓልም አይደለም» ብሎ ተከራክሮኝ ነበር። ከዚያው ጀሪካን ቀድቶ አንድ ጠርሙስ ላከልኝ። በኅዳር፣ ደሴ ላይ፣ ጠዋት ስነሳ ጠርሙሱ ነጭ ሆኖ ረግቷል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ሲወጣ ብርዱ ያጋለጠው ዘይት ብለን ስቀናል። ጀሪካኑ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፣ ወይም ሌሊት ውጪ አሳድሩት።

ሌላ ከሌለ ተጠቀሙበት። በጣም በስሱ፣ ደጋግማችሁ ቀቡት እንጂ በሱ ምክንያት ጥብሱን አትሰርዙ።

ቅቤ፣ ሞራ፣ ወይም ፈረንጆቹ የሚሉት የአሳማ ስብ?

የአሳማው ነገር ለእኛ አገር ጥያቄ አይደለም። እስላሙም ክርስቲያኑም አይነካው፣ አለፍነው።

ቅቤ አይሆንም። ጥሬው ውሃና የወተት ቅሪት አለበት፣ ወደ 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ያርራል። ንጥሩ ሙቀት ይችላል። ነገር ግን የሚረጋ ስብ ስለበዛበት አይደርቅም። ኮረሪማውና ኮሰረቱ ደግሞ ብረት ላይ አርሮ ምሬት ያመጣል። ትንሽ ቆይቶም ይሸታል። በሳል ቅቤ ለዶሮ ወጥ ነው የተፈጠረው።

ሞራ ከቅቤ ይሻላል። የጋለ ፍርግርግ ላይ ሞራ ማሸት ጥብስ ቤቶችም የሚያደርጉት ነገር ነው። ከመጥበስ በፊት ለማለስለስ ጥሩ ነው፣ ለመጀመሪያው ማሟሻ ግን አይደለም። በዚያ ላይ የሞራ ሽታ ማታ እንግዳ ይጠራል። መጀመሪያ ውሻ፣ ዳር ሰፈር ከሆናችሁ ደግሞ ጅብ።

ከዚህ የሚበልጠው ምክንያት ጾም ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ እንዲሁም በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ፣ በሞራ ወይም በቅቤ የተሟሸ ግሪል ላይ በቆሎም ድንችም መጥበስ የማይመቸው ሰው አለ። በአትክልት ዘይት ካሟሻችሁት ቢያንስ መሠረቱ የጾም ነው።

ዘይቱ የሚጨስበት ሙቀት ከፍ ያለ መሆን የለበትም?

ይህ ጥያቄ ከመጥበስ ጋር ተቀላቅሎ የመጣ ነው። ስንጠብስ ዘይቱ እንዳይጨስ እንፈልጋለን። ስናሟሽ ግን ነገሩ ይገለበጣል። እስኪጨስ ወይም ወደዚያ እስኪቃረብ ድረስ ማሞቅ አለብን፣ ካልሆነ በደንብ አይጋገርም።

የተጣራ የሱፍና የአኩሪ አተር ዘይት ወደ 230 ዲግሪ አካባቢ መጨስ ይጀምራል። ከሰል ያለበት፣ ክዳኑ የተዘጋ በርሜል እዚያ ይደርሳል። ያልተጣሩት በጣም ቀደም ብለው ይጨሳሉ። ስለዚህ ሱቅ ቆማችሁ ስለ 10 ዲግሪ ልዩነት አትጨነቁ።

ስሞከር ላላቸው፣ ማለትም ሥጋውን በጢስ ቀስ አድርጎ ለሚያበስለው ባለ ክዳን ዕቃ፣ አንድ የሚሳሳቱት ነገር አለ። ሥጋ የሚበስለው ከ110 እስከ 135 ዲግሪ ባለው ነው። በዚያው ሙቀት ሊያሟሹት ይሞክራሉ። በዚያ ሙቀት ዘይቱ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ እንደ ማር ይዝለገለጋል። ለማሟሸት አንድ ቀን ብቻ ከሰሉን ጨምሩና ወደ 200 ዲግሪና ከዚያ በላይ አድርሱት።

አቀባቡን ደረጃ በደረጃ ንገረኝ።

አዲስ ብረት ሲመጣ የፋብሪካና የበያጅ ቅባት አለበት። በሳሙናና በሙቅ ውሃ እጠቡት። ከዚያ ባዶውን፣ ምንም ሳትቀቡ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ በደንብ አንድዱበት። ቆሻሻው ይቃጠላል፣ እርጥበቱም ይወጣል።

እንዲቀዘቅዝ ተዉት፣ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። እጅ ነክቶት የሚችለው ሙቀት ላይ ሲደርስ ቀቡ። ሞቅ ያለ ብረት ላይ ዘይት በቀላሉ ይሳሳል። ምን ያህል ዘይት? እዚህ ላይ ነው ሁሉም የሚሳሳተው። ለግማሽ በርሜል ውስጡን በሙሉ ለመቀባት ግማሽ የቡና ሲኒ ይበቃል። አዎ፣ ግማሽ ሲኒ። እኔ የመጀመሪያ ቀን ግማሽ ሊትር ነበር ያፈሰስኩት።

አሮጌ ጥጥ ጨርቅ ነክራችሁ በየቦታው አዳርሱ። ማዕዘኑን፣ የብየዳውን ስፌት፣ የክዳኑን ውስጥ፣ የፍርግርጉን ሥር። ከዚያ ሌላ ደረቅ ጨርቅ አንሱና የቀባችሁትን መልሳችሁ ጥረጉ። ቀልድ አይደለም። ዘይት የሌለ እስኪመስላችሁ ድረስ ጥረጉ። ብረቱ ላይ የሚቀረው በዓይን የማይታይ ስስ ነገር ነው፣ የሚበቃውም እሱ ነው። የሚንጠባጠብ ወይም የሚያብለጨልጭ ቦታ ካያችሁ ገና አልጨረሳችሁም።

አሁን ከሰሉን በአንድ በኩል ሰብስባችሁ አቀጣጥሉ። የግራር ከሰል ሙቀቱን ይይዛል። ክዳኑን ዝጉ፣ የአየር መግቢያውን ክፈቱ። መጀመሪያ ይጨሳል፣ ዓይን የሚያቃጥል ጢስ ነው፣ ነፋስ ወዳለበት ቁሙ። ጢሱ እየቀነሰ ሄዶ ሲያቆም ያ ዙር አልቋል ማለት ነው። ፍርግርግ ከሆነ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ወፍራም ላሜራ ያለው ስሞከር ሁለትና ሦስት ሰዓትም ሊፈልግ ይችላል።

የሙቀት መለኪያ ከሌላችሁ መዳፋችሁን ከፍርግርጉ በላይ አንድ ጋት ከፍ አድርጋችሁ ዘርጉና ቁጠሩ። ሦስት ሳትደርሱ እጃችሁን ከሳባችሁ ጥሩ ሙቀት ነው። ሰባት ስምንት ድረስ ከቻላችሁ ገና ነው።

ይህንን ሦስት ጊዜ ድገሙት። እኔ እሁድ ከቡና ጋር ነው የማደርገው። አንዱን ዙር በአቦል፣ ሁለተኛውን በቶና፣ ሦስተኛውን በበረካ። ሰዓቱ ባይገጥምም ትዕግሥቱን ያስተምራል። በየመሃሉ ብረቱ እስኪበርድ መጠበቅ ስላለበት ባለቤቴ «ይኼ ሰው ቡና ለመጠጣት ሰበብ አገኘ» ትላለች። አልተሳሳተችም።

ሦስት ዙር ሲያልቅ ቡናማ ወይም ጠቆር ያለ ይሆናል። ጥቁር ካልሆነ አትዘኑ። ጥቁረቱን የሚጨርሰው ሥጋው ነው።

ቀባሁት፣ ተጣበቀ። እንደ ሙጫ ሆኗል።

ወፍሯል። ሌላ ምክንያት እምብዛም የለውም። የላይኛው ሲደርቅ የታችኛው ታፍኖ ቀርቷል፣ ወይም ሙቀቱ አልበቃውም።

መጀመሪያ ምንም ሳትጨምሩ እንደገና አንድ ሰዓት በኃይለኛ ሙቀት አግሉት። ብዙ ጊዜ በዚሁ ይድናል። ካልዳነ የተጣበቀውን ቦታ በብረት መፋቂያ ሞቅ እያለ ፋቁትና እዚያ ላይ ብቻ በስሱ ቀቡ።

አንዳንዱ ሰው ግን አንዲት ነጠብጣብ ያይና ግራይንደር ይዞ ይነሳል። ሙሉውን ሽፋን ልጦ ከዜሮ ይጀምራል። ለምጣዱ ሲባል አይጧ ትለፍ። ትንሿን ነጠብጣብ ተዉአት፣ ሥጋ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲጠበስ ራሷ ትስተካከላለች።

አሮጌ በርሜል ባስቆርጥ ችግር አለው?

ዘይቱን ከመጠየቃችሁ በፊት ይህን ብትጠይቁ ነበር የሚሻለው። ኮምቦልቻ የከባድ መኪና መተላለፊያ ስለሆነች በየጋራዡ ባዶ በርሜል አይጠፋም። ውስጡ ምን እንደነበረ ካላወቃችሁ አትውሰዱ። ፀረ ተባይ ወይም ኬሚካል የነበረበትን በርሜል የትኛውም እሳት አያነጻውም። ነዳጅ የነበረበት ደግሞ ባዶ ቢመስልም ውስጡ ትነት አለ። ያለ ጥንቃቄ ግራይንደር ወይም ብየዳ ካስነካችሁት ይፈነዳል። ይህን የሚያውቅ በያጅ ፈልጉ።

ምግብ ነክ ነገር የነበረበትም ቢሆን ውስጡ የተቀባ ሽፋን ሊኖረው ይችላል። እሱን ከማሟሸታችሁ በፊት በኃይለኛ የእንጨት እሳት አቃጥላችሁ፣ በሽቦ ብሩሽ ልጣችሁ፣ ብረቱን ገላልጡት። ቀለም ላይ የተቀባ ዘይት ቀለሙ ሲቀረፍ አብሮት ይቀረፋል።

ለፍርግርጉ ዚንክ የተነከረ ብረት አታስገቡ። የጣራ ቆርቆሮ፣ ነጭ የውሃ ቧንቧ፣ የሚያብረቀርቅ ነጭ ሽቦ ማለት ነው። ዚንክ በጣም ሲግል የሚወጣው ጢስ ያሳምማል። ጥቁር ፌሮ ወይም ጥቁር ላሜራ ይሁን። አይዝጌ ብረት ካገኛችሁ ደግሞ ማሟሸት ግዴታው አይደለም።

የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀብቶ «ዝገት ይከላከላል» ያለኝ ሰው አለ። ለአጥር ይሁን። ምግብ አጠገብ አይድረስ።

ደሴ ከፍታ ላይ ስለሆነች የሚለወጥ ነገር አለ?

ለዘይቱ የለም። ለእሳቱ አለ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር። አየሩ ሲሳሳ ከሰል ይሰንፋል። ኮምቦልቻ ላይ በግማሽ ተከፍቶ የሚበቃው የአየር መግቢያ ደሴ ላይ ሙሉ ይከፈታል። ከጦሳ ተራራ በኩል ነፋስ ሲወርድ ደግሞ የላሜራውን ሙቀት ይወስደዋል። ግሪሉን ከግድግዳ ጥግ አድርጉት።

ስሞከር ውስጥ የውሃ ሳህን ለምታስቀምጡ፣ ውሃው ደሴ ላይ ወደ 92፣ ኮምቦልቻ ላይ ወደ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። በማሟሸት ቀን ሳህኑን አውጡት። እንፋሎቱ ሙቀቱን ይዞ ያስቀረዋል።

ከረመዳን የተረፈ የሳምቡሳ ዘይት አለ። ከምደፋው ልቀባው?

ሐሳቡ ገብቶኛል፣ እኔም ተመኝቼው ነበር። ደጋግሞ የተጠበሰበት ዘይት ግን ግማሽ መንገድ ሄዷል። ወፍሯል፣ የዱቄት ቅሪት አለበት፣ የሽንኩርትና የሥጋ ሽታ ይዟል። ብረት ላይ ሲቀባ ይለጠፋል። በጨርቅ አጣርታችሁ የግሪሉን እግር ቀቡበት።

የወይራ ዘይት? የሚነፋው በቆርቆሮ የሚመጣውስ?

የወይራ ዘይት አይደርቅም፣ ውድም ነው። ሰላጣ ላይ ያምርበታል።

የሚነፋውን ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ያመጣዋል። የሚገፋው ጋዝ ተቀጣጣይ ነው፣ ፍም ላይ በፍጹም አትንፉት። የሚቀላቀልበት ነገርም ቆይቶ ሙጫ ይሠራል።

ግሪሉን ከጎረቤት ጋር እንዋዋሳለን። ሙስሊምም ክርስቲያንም ነን።

ወሎ ውስጥ ይህ ጥያቄ ባይመጣ ነበር የሚገርመኝ። በርሜሉ በአትክልት ዘይት ይሟሽ፣ እዚያ ላይ ክርክር አይነሳም። ሥጋው የሚነካው ፍርግርጉን ስለሆነ ሁለት ፍርግርግ አሠሩ። እኔ ለአረፋና ለፋሲካ ብዬ ሁለት አስበይጃለሁ። አንዱ እጀታ ላይ ሽቦ ጠምጥሜበታለሁ፣ እንዳይምታታ። የጎረቤቴ ፍርግርግ የሚቀመጠው እሱ ቤት ነው። የሐይቅ ዓሣ ሲመጣ ደግሞ የትኛው ላይ ይጠበስ የሚለውን ባለቤቶቻችን ይወስናሉ።

ክረምት ገብቶ ዛገብኝ። ሁሉንም እንደገና ላድርግ?

አብሽሩ፣ አያስፈልግም። ሐምሌና ነሐሴ ደሴ ላይ ጉሙ ራሱ ያዝጋል። የዛገውን ቦታ በሽቦ ብሩሽ አሹ፣ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፣ አንድ ዙር በስሱ ቀብታችሁ አግሉት።

እንዳይዝግ ከፈለጋችሁ አመዱን አውጡ። ብዙ ሰው ዘይት እየቀያየረ በርሜሉ ከሥር የሚበሳበት ለዚህ ነው። አመድ እርጥበት ይስባል፣ ከውሃ ጋር ሲቀላቀል ብረት ይበላል። እሳቱ ከጠፋ በማግስቱ ጥረጉት። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት፣ ሰኔ ላይ፣ አንድ ዙር ቀብታችሁ አግሉት። በላስቲክ አጥብቃችሁ አትሸፍኑት፣ ከውስጥ ያልበዋል። ጣራ ሥር ይሻላል።

ከጠበስኩ በኋላ እንዴት ልጠበው?

ሞቅ እያለ በብሩሽ ፈግፍጉት፣ ከዚያ በትንሽ ዘይት የተነካ ጨርቅ አሳልፉበት። ግማሽ ቀይ ሽንኩርት በሹካ ወግቶ የሞቀ ፍርግርግ ላይ ማሸትም ጥሩ ነው፣ ሽታውም ያስደስታል። ጥቂት ሳሙና አይጎዳውም። በኦሞ ዘፍዝፎ ማሳደር ወይም በረኪና ማፍሰስ ግን የሦስት ቡና ሥራ በአንድ ሌሊት ያጠፋል።

የቀባሁበትን ጨርቅ ምን ላድርገው?

ጠቅልላችሁ ጥግ አትወርውሩት። የሚደርቅ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል። የተጠቀለለ ጨርቅ ውስጥ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ይከማችና ያለ ክብሪት ሊቀጣጠል ይችላል። ተልባ በዚህ የታወቀ ነው፣ ኑግና ሱፍም ከዚያው ወገን ናቸው። ገመድ ላይ ዘርግታችሁ አድርቁት። እኔ ግሪሉ ውስጥ የቀረው ፍም ላይ እጥለዋለሁ፣ በዚያው ያልቃል።